ወደ ምዕራብ የሚያይ የመስታወት ሕንፃና የሪቪት ቁጥር፦ የኃይል ስሌት በንድፍ መጀመሪያ ላይ

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ ለቢሮ ኪራይ የሚሆን ጂ ፕላስ 9 ሕንፃ እየነደፍን ነው። ዋናው ፊት ወደ መንገዱ፣ ማለትም ወደ ምዕራብ ነው። ባለቤቱ ይህ ፊት ሙሉ በሙሉ መስታወት እንዲሆን ይፈልጋል። ሞዴሉን ሪቪት በሚባለው የሕንፃ መንደፊያ ፕሮግራም ሠርተናል። የኃይል ስሌቱን እዚያው ስናስኬደው በዓመት በካሬ ሜትር 231 ኪሎዋት ሰዓት አለን። በጂቢኤክስኤምኤል (ሞዴልን ለኃይል ስሌት በሚያስተላልፈው የፋይል ዓይነት) ወደ ሌላ ፕሮግራም ስናወጣው ደግሞ የስህተት መልእክት በላይ በላዩ መጣ፣ ቁጥሩም ተለወጠ። ባለቤቱ የመብራት ሂሳቡ ስንት እንደሚሆን እየጠየቀን ነው። ሞዴሉን የበለጠ በዝርዝር ሠርተን እንደገና እናስኬደው? ወይስ ዲዛይኑ እስኪያልቅ እንቆይ?»

መልስ፦ ሁለቱንም አታድርጉ። ዝርዝር መጨመር ቁጥሩን የበለጠ እውነተኛ አያደርገውም። ዲዛይኑ እስኪያልቅ ከቆያችሁ ደግሞ ስሌቱ የሚለውጠው ነገር አይኖርም። የሪቪት ሞዴላችሁን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉት። ለዚህ ጥያቄ ብቻ የሚሆን ቀጭን ሞዴል ሥሩ። በእሱ ላይ አምስት ስድስት አማራጭ አወዳድሩ። ለባለቤቱም የወር ሂሳብ ሳይሆን በአማራጮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ውሰዱለት።

መጀመሪያ 231 ምን እንደሆነ እንይ። ሞዴላችሁ ግድግዳው የት እንዳለና መስኮቱ ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል። ቢሮው ውስጥ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ፣ ኮምፒውተሩ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ መስኮት የሚከፍት ሰው መኖር አለመኖሩን ግን አያውቅም። እናንተ ካልነገራችሁት ፕሮግራሙ ባዶውን ቦታ ራሱ ይሞላዋል። የሚሞላው ደግሞ በአብዛኛው ከአሜሪካ ቢሮ በተወሰደ ግምት ነው። መስኮቱ አይከፈትም። ማሞቂያም ማቀዝቀዣም አለ። ሁለቱም የክፍሉን ሙቀት ዓመቱን ሙሉ በጥቂት ዲግሪ ልዩነት ውስጥ ለመያዝ ይሠራሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ለኪራይ በሚሠራ ቢሮ ላይ ማን ማሞቂያ ይገጥማል? ከ231ዱ ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል ማንም ለማይገዛው ማሽን የተቆጠረ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው ፕሮግራም ሌላ ቁጥር የሰጠውም በዋናነት በዚሁ ምክንያት ነው። ቅርጹን ከእናንተ ወሰደ፣ ግምቱን ግን ከራሱ አመጣ። እናንተ ያልመለሳችኋቸውን ጥያቄዎች ሁለቱ ፕሮግራሞች በየራሳቸው መንገድ መለሷቸው። ስለዚህ «የትኛው ነው ትክክል?» ብሎ መድከም አያስፈልግም። ሁለቱም ያሰሉት የእናንተን ሕንፃ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ አርክቴክቶቻችን የሚስቱት ነገር አለ። የኃይል ስሌት ሲባል ወዲያው የኪሎዋት ሰዓት ቁጥር ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ትክክለኛው የመጀመሪያ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ ሕንፃ ያለ ኤሲ በዓመት ውስጥ ስንት የሥራ ሰዓት ላይ ሰው ያስጨንቃል? ከተማው ከባህር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የዓመቱ አማካይ ሙቀት 16 እና 17 ዲግሪ አካባቢ ነው። በበጋ ቀኑ 24 እና 25 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሌሊቱ ከ10 በታች ይወርዳል። ይህ ለቢሮ ሕንፃ ትልቅ ስጦታ ነው። ሌሊት የቀዘቀዘ ኮንክሪት በማግስቱ ከሰዓት ሙቀቱን ይመጥጣል።

የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር፣ አሽሬ የሚባለው፣ ቁጥር 55 በሆነው መለኪያው መስኮት ከፍተው ለሚሠሩ ሰዎች የተለየ የምቾት ስሌት አለው። የውጭውን አማካይ ሙቀት በ0.31 ታባዛላችሁ፣ 17.8 ትጨምራላችሁ። የውጭው አማካይ 17 ዲግሪ ከሆነ ውጤቱ 23 ገደማ ይመጣል። ከዚያ ወደላይም ወደታችም 3.5 ዲግሪ ይፈቀዳል። ማለትም ከ19.5 እስከ 26.5 ዲግሪ ድረስ አብዛኛው ሰው ተመችቶት ይሠራል። የአዲስ አበባ አየር በሥራ ሰዓት ከ26.5 በላይ የሚወጣው እምብዛም ነው። እንግዲህ ቢሮው ውስጥ 30 ዲግሪ ከሆነ ያን ሙቀት ያመጣው ከተማው አይደለም። ያመጣው ሕንፃው ነው፣ በይበልጥም መስታወቱ።

አሁን ወደ ምዕራቡ ፊት እንምጣ። ይህን ለማየት ፕሮግራም እንኳ አያስፈልግም። በአንድ ፎቅ ላይ ወደ ምዕራብ የሚያይ 60 ካሬ ሜትር መስታወት አለ እንበል። ከሰዓት በኋላ ጥርት ባለ ሰማይ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 600 ዋት አሳረፈች እንበል። ተራ ነጠላ ጥርት ያለ መስታወት ከዚህ ውስጥ 80 በመቶ ያህሉን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ሲባዛ 28.8 ኪሎዋት ይሆናል። በአንድ ፎቅ ላይ ከ10 በላይ የውሃ ማፍያ ጀበናዎች አንድ ላይ እንደ መሰካት ነው።

ባለቤቱ «ውድ መስታወት እንገዛለን» ይል ይሆናል። እሺ፣ ሙቀት የሚከላከል ባለ ሁለት ንብርብር መስታወት እንውሰድ። 30 በመቶ ብቻ ያሳልፋል እንበል። 10.8 ኪሎዋት ይሆናል። ትልቅ መሻሻል ነው። አሁን ደግሞ ሌላውን አማራጭ እንይ። ተራውን መስታወት እንያዝ፣ ስፋቱን ግን በግማሽ እንቀንሰው። ቀሪውን በብሎኬት ግድግዳ እንሙላው። 14.4 ኪሎዋት መጣ። ከዚያ ውጭ በኩል ከፀሐይዋ ግማሹን የሚያስቀር መከላከያ እንትከል። 7.2 ኪሎዋት ሆነ። በውጭ ምንዛሪ ከሚገባው መስታወት ይልቅ እዚሁ የሚሠራ ብሎኬትና እዚሁ የሚበየድ ብረት የተሻለ ሠራ። በእርግጥ ይህ በጣም ሻካራ ስሌት ነው። በብሎኬቱ በኩል የሚገባው ሙቀት አልተቆጠረም። ከየአቅጣጫው የሚበተነው ብርሃንም አልተቆጠረም። ግን ልዩነቱ በጣም ሰፊ ስለሆነ ዝርዝሩ ሲጨመር አቅጣጫው አይገለበጥም። በንድፍ መጀመሪያ ላይ ከስሌት የምንፈልገው እንዲህ ያለውን መልስ ነው።

የመከላከያው ዓይነት ግን በአቅጣጫው ይወሰናል። እዚህም ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳ ስህተት ብዙ ነው። «ሰሜን ፀሐይ አያገኝም፣ መከላከያ አያስፈልገውም» ይባላል። ይህ ለአውሮፓ እውነት ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ከሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት እስከ ነሐሴ አራተኛው ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምትሆነው። ደግነቱ በጣም ከፍ ብላ ነው። ሰኔ 14 ቀን በቀትር ከፍታዋ 75 ዲግሪ ያልፋል። ግማሽ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ ስላብ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ መስኮት ይጋርዳል። ክረምቱም ደመና ስላለው የሰሜኑ ጣጣ ቀላል ነው። ደቡቡ ትንሽ ይከብዳል። በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ወደ 57 ዲግሪ ትወርዳለች። አንድ ሜትር የወጣ ስላብ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይጋርዳል። ይህም ቢሆን የሚቻል ነው።

ምዕራብ ሌላ ነገር ነው። መጋቢት 12 አካባቢ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ በ30 ዲግሪ ከፍታ ላይ ሆና ፊት ለፊት ትመጣለች። አንድ ሜትር ሙሉ የወጣ ስላብ የሚጋርደው ከ60 ሳንቲሜትር ያነሰ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዝቅ እያለች ትሄዳለች። ስለዚህ በምዕራብ ፊት ላይ አግዳሚ ስላብ ብቻውን ዋጋ የለውም። የቆመ ክንፍ፣ ቀዳዳ ያለው ግድግዳ ወይም ጠለቅ ያለ በረንዳ ያስፈልጋል። የምዕራቡ ፀሐይ የሚያናድደው ሰዓቱም ነው። ሕንፃው ጠዋቱን ሙሉ በሰውና በኮምፒውተር ሞቆ ቆይቷል። የውጭው አየርም የቀኑ ጫፍ ላይ ነው። በዚህ ላይ ይመጣል። በተለይ ከየካቲት እስከ ግንቦት።

ውስጥ የሚሰቀል መጋረጃ አይፈታውም? አይፈታውም። ፀሐይዋ መስታወቱን አልፋ ከገባች ሙቀቱ ገብቷል። መጋረጃው ዓይን ከመወጋት ያድናል፣ የሙቀቱን አብዛኛውን ክፍል ግን አይመልሰውም። ቦሌም ሆነ ካዛንቺስ በከሰዓት ቀና ብላችሁ እዩ። መስታወት የለበሰው ሕንፃ መጋረጃው ሙሉ ተዘግቷል፣ ውስጡ መብራት በርቷል። ባለቤቱ ለመስታወት ከፍሎ፣ ተከራዩ ለመጋረጃ ከፍሎ፣ በቀን ብርሃን ደግሞ ለመብራት ይከፈላል። ይህ በጣም ያሳዝናል፤ ምክንያቱም በንድፍ የመጀመሪያው ወር ሊስተካከል የሚችል ነበር።

አሁን ስለ ስህተት መልእክቱ። በሪቪት የተሠራ ጥሩ የሥዕል ሞዴል ለሙቀት ስሌት ጥሩ ሞዴል አይሆንም። ለሥዕል የግድግዳው ልስን፣ የበሩ እጀታ፣ የከርተን ዎሉ (የመስታወት ግድግዳው) እያንዳንዱ ፍሬም ያስፈልጋል። ለሙቀት ስሌት የሚያስፈልገው የተዘጋ የአየር ክፍልና በዙሪያው ያሉ ገጾች ብቻ ናቸው። ጂቢኤክስኤምኤል የሚያጓጉዘውም ይህንኑ ነው። ክፍል፣ ገጽ፣ መስኮት። ሞዴላችሁ ውስጥ ግድግዳውና ስላቡ በሁለት ሳንቲሜትር ካልተገናኙ ክፍሉ ክፍት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ከኮርኒስ በላይ ያለው ቦታ ክፍል ተብሎ ካልተሰየመ ጣሪያው አየር ላይ ይንሳፈፋል። ከርተን ዎሉ በ400 ቁርጥራጭ ከተከፋፈለ ፕሮግራሙ 400 መስኮት አድርጎ ይቀበለዋል። ስሌቱ ይንቀረፈፋል፣ ስህተቱም ይበዛል። ዓምዶቹ ደግሞ በየክፍሉ መሃል ጠባብ ትርፍራፊ ገጾችን ይፈጥራሉ።

አይኤፍሲ የሚባለው ሌላው የፋይል ዓይነት ይሻል ነበር ብላችሁ አታስቡ። አይኤፍሲ ከጂቢኤክስኤምኤል የበለጠ መረጃ ይይዛል። ሕንፃውን በግንባታ ክፍሎቹ ይገልጸዋል። ለሙቀት ስሌት የሚያስፈልገው ግን የትኛው ገጽ በየትኛው ክፍልና በውጭው መካከል እንዳለ በትክክል መጻፉ ነው። ይህ በብዙ የአይኤፍሲ ፋይሎች ላይ ተሟልቶ አይገኝም። በፋይል ዓይነት ላይ ጊዜ አታጥፉ። ችግራችሁ ያለው በሚላከው ነገር ላይ ነው።

ቀጭኑ ሞዴል እንዲህ ይሠራል። አሥሩንም ፎቅ አትሥሩ። ምድር ቤቱን፣ አንድ መካከለኛ ፎቅና የመጨረሻውን ፎቅ ሥሩ። መካከለኛውን ፎቅ በስምንት አባዙት፤ ኢነርጂ ፕላስ በሚባለው የኃይል ስሌት ፕሮግራም ላይ ለዚህ ማባዣ አለ። እያንዳንዱን ፎቅ በአምስት ክፍል ብቻ ክፈሉት። በአራቱም ፊት በኩል ከ4.5 እስከ 5 ሜትር ጥልቀት ያለው አንዳንድ ክፍል፣ መሃሉ ደግሞ አንድ ክፍል። የምዕራቡን ሙቀት ከሌላው ለይታችሁ እንድታዩ ይህ ክፍፍል የግድ ነው። ፎቁን በሙሉ አንድ ክፍል ካደረጋችሁት የምዕራቡ ሙቀት ከምሥራቁ ጋር ተደባልቆ በአማካይ ይጠፋል። ስሌቱ «ደህና ነው» ይላችኋል። በምዕራብ መስኮት ሥር የተቀመጠው ሠራተኛ ግን ይቀቀላል። መስኮቶቹን አንድ በአንድ አትሳሉ። ለእያንዳንዱ ፊት የመስታወቱን ድርሻ በመቶኛ ስጡት። ውስጥ ያሉትን የቢሮ ግድግዳዎች እርሷቸው። ዓምድ፣ በር፣ ደረጃ አያስፈልግም።

ይህ አቋራጭ መንገድ አይደለም። አሽሬ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ቁጥር 209 መለኪያ የኃይል ስሌት ከንድፍ ጋር እንዴት አብሮ እንደሚሄድ ይደነግጋል። የመጀመሪያው ደረጃው ቅርጹ ገና ሳይቆረጥ በቀላል ሳጥን መጀመር ነው።

ቀጥሎ ፕሮግራሙ ራሱ የሞላቸውን ግምቶች በእናንተ መልስ ተኩ። ግድግዳው 20 ሳንቲሜትር ብሎኬት በሁለት ፊት ልስን ከሆነ እንደዚያው አስገቡ። ፕሮግራሙ ያስቀመጠውን የሙቀት መከላከያ ንብርብር አውጡት። ማሞቂያውን አጥፉ። የመጀመሪያውን ዙር ማቀዝቀዣውንም አጥፍታችሁ አስኪዱት። መስኮት የሚከፈት አድርጉ፤ የውጭው አየር ከውስጡ ሲቀዘቅዝና ውስጡ ከ23 ዲግሪ ሲያልፍ ይከፈት። ውጤቱንም በኪሎዋት ሰዓት አትፈልጉ። በምዕራቡ ክፍል በሥራ ሰዓት ሙቀቱ ከ26.5 በላይ የሆነበትን ሰዓት ቁጠሩ። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት ብንል የዓመቱ የሥራ ሰዓት 2,080 ነው። ከዚህ ውስጥ ስንቱ ጠፋ? ለባለቤቱ ይህ ቁጥር ከ231 ይልቅ ይገባዋል።

ፕሮግራሙን ስትሞሉ የሚያሳስቱ ጥቂት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሰሜን ነው። ሪቪት ላይ ለሥዕል የሚመቸው ሰሜንና እውነተኛው ሰሜን የተለያዩ ናቸው። እውነተኛውን ካላስተካከላችሁ ፕሮግራሙ ምዕራባችሁን ደቡብ ብሎ ሊያሰላው ይችላል። ስህተት ብሎም አይነግራችሁም። ሁለተኛው ሰዓት ነው። እኛ ሥራ በ2 ሰዓት ተኩል ይገባል እንላለን። ፕሮግራሙ ላይ 2:30 ብሎ የጻፈ ሰው ሠራተኞቹን ሌሊት አስገብቷቸዋል። የከሰዓቷ ፀሐይ ስትመጣ ሕንፃው ባዶ ይሆናል፣ ውጤቱም በሚያስገርም ሁኔታ ጥሩ ይመጣል። 8:30 ብላችሁ ጻፉ።

ሦስተኛው የአየር ፋይሉ ነው፤ ማለትም የከተማው የዓመት ሙቀትና ፀሐይ የተመዘገበበት ፋይል። ፕሮግራሙ የመረጠላችሁ ጣቢያ የት እንዳለ ክፈቱና እዩ። ከፍታው 2,300 ሜትር አካባቢ ካልሆነ የአዲስ አበባ አይደለም። ለአዲስ አበባ የተዘጋጀ ፋይል በነፃ ይገኛል። በዚህ ፋይል ላይ ከፍታው ትክክል መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ወለል በአንድ አራተኛ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ በመስኮት የሚገባው ያው መጠን አየር የሚያወጣው ሙቀት በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ኢነርጂ ፕላስ ይህን ከፋይሉ አንብቦ ያስተካክላል። በእጅ የሚያሰላ መሐንዲስ ግን የባህር ወለሉን ቁጥር ከተጠቀመ መስኮቱም ማራገቢያውም ያንስበታል። የመካኒካል መሐንዲሳችሁን ይህን ጠይቁት።

ጎረቤት ሕንፃዎችንም አትርሱ። ከመንገዱ ማዶ ጂ ፕላስ 12 ካለ የታችኞቹ ፎቆች የምዕራብ ፀሐይ ቶሎ ይጠልቅባቸዋል። ጎረቤቱን እንደ ባዶ ሳጥን አስገቡት፣ ይበቃል።

ፕሮግራሙ የትኛው ይሁን? የለመዳችሁትን። ኢነርጂ ፕላስ የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት የሚያዘጋጀው የስሌት ሞተር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ከሥር የሚጠሩት እሱን ነው። ኦፕን ስቱዲዮ፣ ዲዛይን ቢልደር፣ በራይኖ ላይ የሚሠራው ሃኒቢ ሁሉም ወደዚያው ይሄዳሉ። በቅርብ ዓመታት የወጣው ሪቪትም ውስጡ ይህን ይጠቀማል። በሪቪት ውስጥ መቆየት ከፈለጋችሁ ይቻላል፤ በዝርዝር ግድግዳዎቹ ሳይሆን በጅምላ ቅርጽ አዲስ ፋይል ክፈቱ። ስኬችአፕ የሚቀላችሁ ከሆነም ጥሩ። ዋናው ነገር አንድ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ሠርቶ፣ አማራጭ ሲመጣ በደቂቃዎች መለወጥ መቻሉ ነው። አንድ አማራጭ ለመለወጥ ግማሽ ቀን የሚወስድ ሞዴል ለዚህ ደረጃ አይሆንም።

ወሰኑንም እወቁ። ይህ ሞዴል የኤሲ መጠን አይወስንላችሁም። ያን የሚያሰላው መሐንዲሱ በኋላ በተሟላው ሞዴል ነው። ነፋስ በሕንፃዎቹ መካከል እንዴት እንደሚዞር በአስተማማኝ አይነግራችሁም። የአየር ፋይሉ ባለፉት ዓመታት ልኬት የተሠራ ስለሆነ ከ20 ዓመት በኋላ የሚኖረውን ሙቀት አያሳይም። ከሁሉም በላይ የወር ሂሳብ አይተነብይም። ሂሳቡ የሚወሰነው ተከራዩ ባንክ ይሁን የኮምፒውተር ማሠልጠኛ፣ መብራቱን ማን እንደሚያጠፋ፣ ጄኔሬተሩ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ነው። እናንተ ይህን አታውቁም፣ ባለቤቱም አያውቅም። ባለቤቱ ግድ የሂሳብ ግምት ከፈለገ በአቅራቢያው ያለ፣ መጠኑም አገልግሎቱም የሚመሳሰል ሕንፃ የአንድ ዓመት የቆጣሪ ሂሳብ ፈልጉለት። ከማንኛውም ስሌት ይሻላል። ስሌታችሁንም በዚያ መፈተሽ ትችላላችሁ።

ፕሮግራሙ የካርቦን ቁጥርም ሰጥቷችሁ ከሆነ አትጠቀሙበት። የአሜሪካን ወይም የሌላ አገር የኃይል ማመንጫ ታሳቢ አድርጎ ሊሆን ይችላል። የእኛ መብራት በአብዛኛው ከውሃ ነው። እዚህ አገር የሕንፃ ካርቦን በዋናነት ያለው በሲሚንቶው፣ በብረቱ፣ በመስታወቱና በጄኔሬተሩ ናፍጣ ውስጥ ነው።

አንድ ተጨማሪ ሙከራ እመክራለሁ፤ ጊዜ አይወስድም። ሞዴሉን ሳትነኩ የአየር ፋይሉን ብቻ በድሬዳዋ ለውጣችሁ አስኪዱት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ቀን መስኮት መክፈት ሙቀት ማስገባት ይሆናል፣ ያለ ኤሲ የሚቆጠረው የጭንቀት ሰዓትም በጣም ይበዛል። አዲስ አበባ ላይ ያገኛችሁት መልስ በሌላ ከተማ እንደማይሠራ በዓይናችሁ ታያላችሁ። አንድን ፕላን ከከተማ ከተማ የሚያዞር ባለቤት ካላችሁ ይህን ውጤት አሳዩት።

አሁን የማያወላውል ምክሬ። ምዕራቡን ሙሉ መስታወት አታድርጉ። የመስታወቱን ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ አድርጉት። ለቀን ብርሃን ይበቃል፣ በክረምት ደመናም ቢሆን። ወደ ምዕራብ ከሚያየው ርዝመት የቻላችሁትን ያህል ለደረጃ፣ ለሊፍትና ለመጸዳጃ ቤት ስጡት። ለቢሮ በቀረው ላይ ውጭ በኩል የቆመ መከላከያ ትከሉ። የሚከፈት መስኮት በየክፍሉ ይኑር፤ ሌሊትም ሌባና ዝናብ ሳይገባ ክፍት ሆኖ የሚያድር ትንሽ የላይ መስኮት ቢኖረው በጣም ጥሩ ነው። ኮርኒሱን ቢያንስ ከፊሉን አንሱትና የስላቡ ኮንክሪት ለአየሩ ይገለጥ፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ሰሜንና ደቡቡ በአግዳሚ ስላብ ይበቃቸዋል።

ባለቤቱ ሙሉ መስታወት የሚፈልገው ሕንፃው ዘመናዊ እንዲመስልና ቶሎ እንዲከራይ ነው። ይህ ፍላጎቱ ተገቢ ነው፣ አትናቁበት። ምድር ቤቱንና አንደኛ ፎቁን ለሱቅና ለባንክ መስታወት አድርጉለት። መንገዱ ላይ ያለ ሰው የሚያየው እሱን ነው። ከዚያ በላይ ያለው የቆመ መከላከያ በደንብ ከተነደፈ ከመስታወት ያላነሰ መልክ አለው።

ለስብሰባው ሦስት አማራጭ ይዛችሁ ሂዱ። የባለቤቱን ሙሉ ተራ መስታወት፣ ሙሉ ውድ መስታወት፣ እና የእኔን ምክር። ለእያንዳንዱ ሁለት ቁጥር ብቻ አስቀምጡ፦ በምዕራቡ ቢሮ ያለ ኤሲ የሚጠፋው የሥራ ሰዓት፣ እና የፊቱ ግንባታ ዋጋ ከነመከላከያው። ዋጋውን ከኳንቲቲ ሰርቬየራችሁ (የግንባታ ዋጋ ከሚያሰላው ባለሙያ) ውሰዱ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት አማራጮች የኤሲ መግዣውን ጨምሩበት፤ ያለ እሱ አይከራዩምና። ስብሰባው ደግሞ የዓምዶቹ ቦታና የደረጃው ቤት ለስትራክቸር መሐንዲሱ ከመላኩ በፊት ይሁን። ከተላከ በኋላ ደረጃውን ወደ ምዕራብ ማዛወር ማለት ስሌቱን ሁሉ እንደገና ማሠራት ነው፣ ያኔ ማንም እሺ አይላችሁም። የሪቪት ሞዴላችሁን ውሳኔው ከጸደቀ በኋላ በዚያው መሠረት አስተካክሉና ቀጥሉበት።